የባለጺሙ ሸክላ

ኩዶ ሹዞ አዲስ የሙዚቃ ሸክላ የገዛ ቀን ከወገቡ ያስታውቃል። በሌላው ቀን፣ ዕድሜ ልኩን የቶፉ ገንዳ ላይ ሲያጎነብስ እንደኖረ ሰው፣ ጎበጥ ብሎ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ሸክላ የገዛ ቀን ግን ከሸሚዙ ስር ጀርባው ላይ ስለሚሸጉጠው፣ እንደ ቤተ መንግሥት ዘብ ቀጥ ብሎ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ በጓሮ በር ገብቶ ደረጃውን ይወጣል። ሚስቱ ኪሚኤ አኩሪ አተር ከምትለቅምበት ቀና ሳትል፣

«ዛሬ ወገብህ ተሽሎሃል መሰለኝ» ትለዋለች።

«አዎ፣ ደህና ነኝ።»

«ተመስገን ነው። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ተሽሎህ ነበር።»

ሹዞ ይህን ሁሉ ዘመን ያልተያዘ ይመስለዋል።

ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሠራበትን ቤት የወረሰው ከአባቱ ነው። ሃቺኖሄ ወደብ አጠገብ፣ ከአሳ ገበያው ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ላይ ናት። ጊዜው ጎረቤቱ ሁሉ ባለቀለም ቴሌቪዥን የሚያስገባበት ነበር፤ የሹዞ ቤት ግን በጥቁርና ነጭ ይታይ ነበር፤ የገንዘቡ ልዩነት የት እንደሚሄድ ኪሚኤም ታውቃለች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው መደርደሪያም ያውቃል። ሸክላዎቹ ቆመው ነው የሚቀመጡት፤ አይነባበሩም። እያንዳንዱ ሲሸጥ ሽፋኑ ላይ የተጠመጠመለትን የወረቀት መቀነት እንደታጠቀ ነው። አንድ ጊዜ ኪሚኤ ስታጸዳ፣ ከነዚህ መቀነቶች አንዱን ቆሻሻ መስሏት ብትጥለው፣ ሹዞ ሳምንት ሙሉ ሾርባ ሲጠጣ እንኳ ድምፅ አላሰማም።

ከንጋት በፊት ተነስቶ አኩሪ አተሩን ይፈጫል፣ ይቀቅላል፣ ወተቱን አርግቶ ይቆርጣል። ቀትር ሲያልፍ ሥራው ያልቃል። ያኔ እጁን ደጋግሞ ይታጠብና ብስክሌቱን ይዞ ወደ «ዋሻው» ይሄዳል።

ዋሻው የጃዝ ሸክላ የሚሰማበት ምድር ቤት ያለ ቡና ቤት ነው። ግድግዳው ጥቁር፣ ወንበሩ ጠንካራ፣ ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ቁም ሳጥን ያካክላሉ። ባለቤቱ ኦኖዴራ ሳን (አቶ ኦኖዴራ እንደማለት ነው) ደንበኛ ሲገባ ራሳቸውን ዝቅ ከማድረግ ሌላ ሰላምታ የላቸውም። ሰው አንድ ስኒ ቡና አዝዞ፣ ቡናው ከበረደ ከብዙ ጊዜ በኋላም ተቀምጦ ይሰማል። ወሬ ክልክል ነው። መስማት የሚፈልጉት ሸክላ ካለ ባንኮኒው ድረስ ሄደው በሹክሹክታ ይጠይቃሉ፤ የሚጫወትልዎትም አንዱ ገጽ ብቻ ነው። የሸክላው ሽፋን ባንኮኒው ላይ ባለችው የእንጨት መቆሚያ ይቆማል፤ ሁሉም የሚጫወተው ማን እንደሆነ በዚያ ያውቃል። መርፌው አንዴ ካረፈ ደግሞ ገጹ ሳያልቅ አይነሳም። መሬት የተንቀጠቀጠ ቀን እንኳ ኦኖዴራ ሳን ማጫወቻውን እንደ ሕፃን አቅፈው ገጹን አስጨርሰዋል ይባላል።

ሹዞ የሚቀመጠው መሐል ባለው ወንበር ላይ፣ በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ትክክል ነው። ያንን ወንበር ማንም አይነካበትም፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ እንደሱ በጥልቀት የሚሰማ የለም ይባላል። ገና መርፌው ሲያርፍ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ወደ ደረቱ ይጥላል፣ አይንቀሳቀስም። እውነቱን ለመናገር ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰው ነውና ግማሹን ጊዜ እንቅልፍ ነው። ግን እንቅልፉ ጨዋ ነው፤ አያንኮራፋም፣ ገጹ ሲያልቅም እንደተጠራ ሰው ይነቃል። ነቅቶ የሚሰማ ጊዜም እግሩን መሬት ላይ አይመታም። የሚያንቀሳቅሰው ጫማው ውስጥ ያለውን የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ነው።

ወሬ የሚፈቀደው ውጭ ደረጃው ላይ ነበር። እዚያ አንድ ቀን፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ሃታኬያማ ስለ ዘፋኞች ምን ይመስልሃል ቢሉት፣ «ዘፈን የመጠጥ ቤት ነው፤ ጃዝ ቃል አያሻውም» አላቸው። መምህሩ ነገሩ ልባቸው ገባና ለሁሉም አወሩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሹዞ የዘፋኝ ጠላት ሆኖ ቀረ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የባለጺሙም ጣጣ የመጣው በዚሁ በአፍ ነው። ሚሳዋ ካለው የጦር ሰፈር ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ዕቃውን ሲሸጥ፣ ሹዞ ጥቂት ታትሞ የቀረ አንድ የሳክስፎን ሸክላ አገኘ። ሽፋኑ ላይ ጺሙ ደረቱን የሸፈነ ሰውዬ ቆሞ በክፉ ዓይን ያያል። በአገሩ ሁሉ ጥቂት ሰው እንጂ የለውም የሚባል ነው። ሹዞ በዚያው ቀን ደረጃው ላይ ተናገረ፤ «መጀመሪያ እኔ በደንብ ላዳምጠውና አመጣዋለሁ» አለ። ቤቱ ገብቶ አንዴ ሰማው። ድመቶች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጣሉ መሰለው። ሌላ ቀን ይገባኝ ይሆናል ብሎ፣ ለጊዜው አተሩ የሚፈላበት ማሰሮ ያለበት ክፍል መደርደሪያ ላይ አኖረው። በጋ ነበር። እንፋሎቱ እየወጣ እየወጣ ሸክላውን አቅልጦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አደረገው። ሽፋኑ ግን ምንም አልሆነ።

ማን ይናገረዋል? «ባለጺሙስ?» ሲሉት «ገና እያዳመጥኩት ነው» ይላል። ይህ መልስ ደግሞ ክብሩን ጨመረለት። መምህር ሃታኬያማ «ዓመት ሙሉ አንድ ሸክላ የሚያዳምጥ ሰው አያችሁ?» ይሉ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ የሚዘጋ ፀጉር ቤት ዕቃውን ሲያወጣ፣ ሹዞ ሽፋኑ የጠፋ፣ ራቁቱን የቀረ ሸክላ በከንቱ ዋጋ አገኘ። የማን እንደሆነ እንኳ አላየም። ቤቱ ወስዶ ቢያጫውተው አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ድምጿ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የማይቸኩል ነው፤ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ለራሷ የምታወራ ትመስላለች። ሹዞ ቆሞ ሰማት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሰማት። ሽፋን የሌለው ሸክላና ሸክላ የሌለው ሽፋን በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን ይደረጋል? ዘፋኟን ባለጺሙ ውስጥ ከተታት። እሁድ እሁድ ኪሚኤ እህቷ ዘንድ ስትሄድ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ እንደ ሌባ ይሰማት ጀመር።

ኦኖዴራ ሳን ያንን ነገር የጠየቁት በመከር መጨረሻ ነው። ሹዞን በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ደረጃው አወጡት።

«ኩዶ ሳን፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ እባጭ አለ አሉኝ። ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ።»

«አይ! ምን ዓይነት እባጭ?»

«ክፉ አይደለም ይላሉ። ግን ሲያወጡት ጆሮው ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሙም አያውቅም።» ኦኖዴራ ሳን ሲጋራቸውን አዩት እንጂ አላጨሱትም። «በሁለት ጆሮዬ አንድ የመጨረሻ ነገር ልስማ ብዬ ሳስብ ባለጺሙ ትዝ አለኝ። አዳምጠህ ጨርሰህ ከሆነ።»

እዚያው ላይ «ቀልጧል» ቢል ኖሮ አንድ ቃል ነበረች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሹዞ ውሸት ግን እያደር ከብዶ ምላሱን ያዘው።

«ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

ቅዳሜ ቶፉውን ቆርጦ እንደጨረሰ ክራቫቱን አሰረ። ሴንዳይ ከተማ ብዙ የሸክላ ነጋዴ አለ፤ ከነዚያ አንዱ ባለጺሙን ሊኖረው ይችላል፤ ካለው እስከ ማታ ይደርሳል።

«ሴንዳይ ምን አለ?» አለች ኪሚኤ።

«የማጥለያ ጨርቅ አልቋል። እዚያ ጥሩ አለ።»

«ለማጥለያ ጨርቅ ክራቫት? ጨርቁ ይፈራሃል እኮ።»

ባቡሩ ውስጥ ሆኖ ከዚያ በፊት ለምኖት የማያውቀውን አምላክ ለመነ። ሴንዳይ ደርሶ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ዞረ። ቀኑን ሙሉ ጣቶቹ የሸክላ ሽፋን ሲገልጡ ዋሉ፤ የባለጺሙን ዓይን ግን የትም አላገኙም። የመጨረሻው ነጋዴ፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ፣ ስሙን ሲሰማ ሳቀ።

«ባለጺሙን? እዚህ? ካገኙት ለኔም ይንገሩኝ፤ ባለቤቱን መጥቼ እጅ እነሳዋለሁ።»

«ሃቺኖሄ አንድ ሰው አለው ይባላል» አለ ሹዞ፣ ለምን እንዳለ ሳያውቅ።

«አዎ፣ ሰምቻለሁ። አንድ ቶፉ ሠሪ ነው አሉ። ለሰው አያሰማም፤ ክፉ ሰው ነው።»

ሲመለስ ጭኑ ላይ የማጥለያ ጨርቅ ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንኳ እውነት ይሁን ብሎ ገዝቶታል። በየጣቢያው የሚናገረውን ያጠና ነበር። መጀመሪያ ረጅም ይቅርታ፣ የእንፋሎቱ ነገር፣ የበጋው ነገር፣ «ክብሬን ፈርቼ አይደለም የደበቅሁት» የሚል ውሸትም ነበረበት። ባቡሩ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር ንግግሩ አጠረ። ሃቺኖሄ ሲደርስ «ሸክላው ቀልጧል፤ ዋሸሁ» ብቻ ቀርቶ ነበር።

ወደ ዋሻው የሚወርደው ደረጃ መሐል ላይ እግሩ ቀጥ አለ። ከበሩ ስር የሴት ድምፅ ይወጣል። የማይቸኩል፣ ሻከር ያለ። በነዚያ ቁም ሳጥን በሚያህሉት ድምፅ ማጉያዎች እሷን ሰምቷት ስለማያውቅ ሌላ ሴት ትሁን ብሎ ተመኘ። አልሆነችም።

በሩን ገፋ። መቆሚያው ላይ ባለጺሙ ቆሞ በክፉ ዓይን ያያል። ደንበኞቹ ሁሉ እሱን እያዩ ሴቲቱን ይሰማሉ። መምህር ሃታኬያማ ጣሪያውን አንጋጠው፣ ጥልቅ ነገር እንደገባው ሰው ራሳቸውን ቀስ እያደረጉ ይነቀንቃሉ። ኦኖዴራ ሳን ባንኮኒው ኋላ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መሐል ባለው ወንበር ላይ ደግሞ ኪሚኤ፣ ነጭ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ የጎማ ቦቲዋን እንዳደረገች ተቀምጣ፣ በዚያ ቦቲ ወለሉን ዱም፣ ዱም ታደርጋለች።

ሹዞ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን ኦኖዴራ ሳንን አያቸው። ሰውዬው ግራ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙረው፣ ሳይተነፍሱ የሚሰሙ ይመስላሉ፤ ባለጺሙን እየጠበቁ ነው ብሎ አሰበ፤ ሳይመጣላቸው ሰኞ ሊገቡ ነው።

«ኦኖዴራ ሳን!» አለ። በዚያ ቤት ሙዚቃ እየሄደ የሰው ድምፅ ተሰምቶ አያውቅምና ሁሉም ወንበሩ ላይ ዘለለ። «ይሄ እሱ አይደለም! ባለጺሙ ቀልጧል! ዋሸሁዎት!»

ኦኖዴራ ሳን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በል፣ ኩዶ ሳን። እየሰማሁ ነው።»

ሌላ ወንበር አልነበረም። ሹዞ በሩ አጠገብ፣ የማጥለያ ጨርቁን አቅፎ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያ ገጽ በሕይወቱ ከሰማው ገጽ ሁሉ ረዘመበት። እንቅልፍ የሚባል ነገር አጠገቡም አልደረሰ።

መርፌው ሲነሳ መጀመሪያ የተናገረችው ኪሚኤ ናት፤ የቤቱን ደንብ ማን ነግሯት?

«ምን ነክቶህ ነው ሰው ፊት የምትጮኸው? ጨርቁን አገኘኸው?»

«ኪሚኤ፣ አንቺ... ይሄን ማን አምጪ አለሽ?»

«ኦኖዴራ ሳን ደወሉ። ኩዶ ሳን በሰዓቱ አልመጣም፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ባለጺሙን እየጠበቀ ነው አሉ። ባለጺሙን አውቀዋለሁ፣ እኔ አመጣዋለሁ አልኩ፣ አመጣሁ።»

«ባለጺሙ እኮ አይዘፍንም!»

«እሱማ አይዘፍንም። የምትዘፍነው ሚስቱ ናት።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሽፋኑ ዞረ።

«ሚስቱ?» አለ ሹዞ።

«አይደለችም እንዴ? እኔ ሁልጊዜ እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ሽፋኑ ላይ ይቆማል ብዬ ነው። እንደ እኛው ቤት። አተሩን እኔ እለቅማለሁ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ያንተ ስም ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ለወጠው።

«ሁልጊዜ ስትይ...»

«አንተ እዚህ ስትመጣ ነዋ። በየቀኑ እሰማታለሁ። ለሥራ ትመቻለች።»

«መርፌውን ማን አሳየሽ?»

«ስትነካው ስንት ዘመን አየሁህ! ቶፉ ሳይሰበር ከማውጣት አይከብድም።»

መምህር ሃታኬያማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር።»

«መምህር» አሉ ኦኖዴራ ሳን፣ «ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲነቀንቁ ነበር እኮ።»

«ሳክስፎኑ እስኪገባ እየጠበቅሁ ነበር!»

«ሳይገባ ሲቀርስ?»

መምህሩ ትንሽ አሰቡ። «ደፋር ሰው ነው አልኩ በሆዴ። በራሱ ሸክላ ላይ አለመንፋት... ይሄን ማን ያስባል?»

አሁን ሳቁን በሳል የሚለውጥ አልነበረም። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ሹዞ ብቻ ተነስቶ ባንኮኒው ፊት ቆመና ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ አጎነበሰ።

«አንድ ነገር ጠየቁኝ። እሱንም ነፈግሁዎት።»

«ቀና በል። ለመሆኑ አንተ ሰምተኸዋል?»

«አንዴ። ሳይቀልጥ በፊት።»

«እንዴት ነው?»

ሁሉም ጆሮውን ሰጠ። ሹዞ በዚያ ቤት የነበረውን ስም አንዴ አሰበና ለቀቀው።

«ምንም አልገባኝም» አለ።

ኦኖዴራ ሳን ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «እኔም አልገባኝም። ወጣት ሳለሁ ቶኪዮ አንድ ቤት ውስጥ ሰማሁት። ራሴን አመመኝ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔም ጨፈንኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሳሞግሰው አረጀሁ። ጆሮዬን ሳይነኩት ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሱ የሚለውን ልለይ ነበር።»

«አሁን ሳይለዩ ሊገቡ ነው» አለ ሹዞ።

«ልግባ እንግዲህ። የሚተርፈው ጆሮ ይወደው ይሆናል።» ወደ ኪሚኤ ዞሩ። «ወይዘሮ ኩዶ፣ ሌላኛው ገጽ ምን ይመስላል?»

«መጀመሪያ ላይ ትንሽ ታለቅሳለች። ግን ቶሎ ይተዋታል።»

ኦኖዴራ ሳን ሸክላውን ገለበጡት።

«ደንቡ...» ሊሉ ጀመሩ መምህር ሃታኬያማ፤ በአንድ ቀን አንድ ሸክላ ሁለት ገጽ ተጫውቶ አያውቅም።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ኦኖዴራ ሳን፣ መርፌውንም አሳረፉት።

ሹዞ ያንን ገጽ ዓይኑን ገልጦ ሰማው። የሚያየው ግን ድምፅ ማጉያውን አልነበረም። ኪሚኤ ያ የለቅሶው ቦታ ሲደርስ ቦቲዋን ታቆማለች፤ ካለፈ በኋላ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሸክላ፣ እሱ በእሁድ እሷ በሌላው ቀን ሲሰሙት ኖረው፣ እሱ ይህን የእግሯን ነገር አያውቅም ነበር።

ሐኪሞቹ እባጩን አወጡ፤ ግራ ጆሮው አልተረፈም። ዋሻው ተዘግቶ ሰንብቶ፣ በረዶ መጣል ሲጀምር ተከፈተ። ኦኖዴራ ሳን ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ወደ ቀኝ ግድግዳ አዛውረዋቸው ነበርና ደንበኛው ሁሉ ወንበሩን አዙሮ ይቀመጥ ጀመር። መሐል የሚባል ቦታ ስለጠፋ ሹዞ የተገኘበት ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ሁሉ መምጣትም ትቷል፤ አንዳንድ ቀን ቤቱ ነው የሚውለው፤ ኪሚኤ ግን እጁን ባዶ አትተውለትም፣ እያዳመጠ አተር ታስለቅመዋለች። ስለ ሸክላዎቹ የሚጠይቀው የለም። በምትኩ ሰዎች ደረጃው ላይ እየጠሩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እነሱም ቤታቸው ስለደበቁት ነገር ያወሩታል።

አንድ ቀን መምህር ሃታኬያማ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸክላ ብብታቸው ስር ይዘው ገቡ። በር በሩን እያዩ ባንኮኒው ጋ ደረሱና ጎንበስ ብለው ሹክ አሉ። ኦኖዴራ ሳን ቀኝ ጆሯቸውን አዞሩ።

«አልሰማሁም፣ መምህር።»

መምህሩ እንደገና ሹክ አሉ። ሙዚቃው በዚያች ቅጽበት አልቆ ነበር።

«አልተሰማኝም። ጮክ ይበሉ።»

«አኮርዲዮን!» ብለው ጮኹ መምህር ሃታኬያማ፣ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ። «አኮርዲዮን ነው አልኩ! የባሕር ዳርቻ ዳንስ!»

ኦኖዴራ ሳን በእርግጥ ሳይሰሙ ቀርተው እንደሆነ ሹዞ እስከ ዛሬ አላወቀም። ጋዜጣውን ቀስ ብለው ፈቱት፣ ሸክላውን በጨርቅ ወለወሉት፣ ሽፋኑንም ሁሉም በደንብ እንዲያየው መቆሚያው ላይ አስተካክለው አቆሙት።